ከበር እስከ ወንበር

ሥራ ፈላጊና ቀጣሪ ፊት ለፊት የሚተያዩባት አጭር ጊዜ፤ በደብረ ብርሃን እና በአንኮበር

ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ተኩል ነው። የደብረ ብርሃን ውርጭ ገና ከሣሩ ላይ አልለቀቀም። በአንድ መሥሪያ ቤት ኮሪደር፣ ረጅም አግዳሚ ወንበር ላይ ወጣቶች ተደርድረዋል። አንዱ የለበሰው ኮት ትከሻው ላይ ሰፍቶታል፤ የታላቅ ወንድሙ ነው። አጠገቡ ያለችው ለብርዱ የደረበችውን ነጠላ አጣጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችና ጸጉሯን በመዳፏ አስተካከለች። ሁሉም ጉልበት ላይ ፕላስቲክ ፋይል አለ። ዲግሪ፣ የውጤት ማስረጃ፣ የመታወቂያ ኮፒ፣ ዕድለኛው ጋ ደግሞ የሥራ ልምድ ደብዳቤ። ስም ይጠራል፣ አንዱ ይገባል፣ በሩ ይዘጋል። ሲወጣ የቀሩት ከበው የሚጠይቁት ሁልጊዜ ያንኑ ነው፤ «ምን ጠየቁህ?»

«ስለ ራስህ ንገረን አሉኝ።»

«እሺ፣ ምን አልክ?»

«ስሜንና የተመረቅኩበትን ነገርኳቸው። ከዚያ በኋላ ምን ልበል?»

ይህ «ምን ልበል?» በከተማዋ ደጋግሞ የሚሰማ ጥያቄ ሆኗል። ዐፄ ዘርአ ያዕቆብ በ15ኛው ክፍለ ዘመን የመሠረቷት ደብረ ብርሃን ከአዲስ አበባ 130 ኪሎ ሜትር ያህል ትርቃለች። ለረጅም ጊዜ ስሟ ከብርድ ልብስ ፋብሪካዋና ከመምህራን ማሠልጠኛዋ ጋር ይነሣ ነበር። በ1999 ዓ.ም. ዩኒቨርሲቲ፣ በ2011 ዓ.ም. ደግሞ የኢንዱስትሪ ፓርክ አገኘች፤ ቢራ ጠማቂዎችና ሌሎች ፋብሪካዎችም መጡ። በየዓመቱ ጋውን ለብሶ የሚወጣው ተመራቂ ግን ከክፍት የሥራ ቦታው ይበልጣል። ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ የመውጫ ፈተና ተጨምሯል። በዚያው ዓመት መጨረሻ በአማራ ክልል የተቀሰቀሰው ግጭት መንገዱን ሲዘጋ ደግሞ አዲስ አበባ ለቃለ መጠይቅ የተጠራ ልጅ ቀኑ የሚያልፍበት ጊዜ አለ። ይህን ሁሉ አልፎ በሩ ላይ የደረሰ ሰው በእጁ የቀረችው ከሩብ ሰዓት ብዙም የማትበልጥ ጊዜ ናት።

ሰሌዳው፣ ፎቶ ኮፒ ቤቱና ስልኩ

ለቃለ መጠይቅ የሚያበቃው ጉዞ የሚጀምረው ከማስታወቂያ ነው። የጋዜጣ ማስታወቂያና የመሥሪያ ቤት ሰሌዳ ዛሬም አሉ፤ ወጣቱ ግን ይበልጥ የሚከታተለው ቴሌግራምን ነው። «ብዛት 1፣ የሥራ ልምድ 0 ዓመት፣ ደመወዝ በስምምነት» የሚል መስመር ሲያይ ወደ ፎቶ ኮፒ ቤት ይሮጣል።

ሲቪው የሚጻፈው እዚያ ነው። ጸሐፊዋ ኮምፒውተሯ ላይ የተዘጋጀ አንድ ፎርም አላት። ስሙን፣ ትምህርቱንና ስልኩን ትቀይራለች፤ የቀረው እንዳለ ይቆያል። ስለዚህ ከአንድ ሰፈር የወጡ አመልካቾች ሁሉ ታታሪ፣ ከሰው ጋር ተግባቢና በጫና ውስጥ መሥራት የሚችሉ ሆነው ይቀርባሉ። በአንድ ፋብሪካ የሰው ኃይል ክፍል የሚሠሩ ባለሙያ ይህንን ሲናገሩ ፈገግ ይላሉ። «ሃያ ሲቪ ሳነብ አንድ ሰው ሃያ ጊዜ ያመለከተ ይመስለኛል። ትርፍ ጊዜውን መጽሐፍ በማንበብ እንደሚያሳልፍ የጻፈውን ልጅ በመጨረሻ ያነበበውን መጽሐፍ ብጠይቀው ፎርሙ ላይ የነበረ መሆኑን ነገረኝ። እውነቱን በመናገሩ ወደድኩት፤ ሥራው ግን አመለጠው።»

ቀጥሎ የሚመጣው የስልክ መልእክት ነው። የግል ድርጅት «8:00» ብሎ ሲጽፍ ጠዋት ሁለት ሰዓት ማለቱ ይሁን ከሰዓት በኋላ ስምንት ሰዓት፣ ደውሎ ያላረጋገጠ ሰው ስድስት ሰዓት ሙሉ አርፍዶ ሊደርስ ይችላል። ቀልድ ቢመስልም በየቢሮው የሚነገር ገጠመኝ ነው። መልሶ መደወል ያሳፍራል ብለው የሚተዉት ብዙዎች ናቸው። ቀጣሪዎች ግን ደውሎ ሰዓቱንና ቦታውን ያጣራን አመልካች በበጎ እንደሚመዘግቡት ይናገራሉ።

የመጀመሪያዎቹ ቅጽበቶች

ሰው ሌላውን ሰው ለመመዘን ስንት ጊዜ ይፈጅበታል? በፕሪንስተን ዩኒቨርሲቲ ጃኒን ዊሊስ እና አሌክሳንደር ቶዶሮቭ በ2006 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጥናት፣ የማያውቁትን ሰው ፊት ለሰከንድ አንድ አሥረኛ ብቻ ያዩ ሰዎች ስለ ታማኝነቱና ስለ ችሎታው ፍርድ ሰጡ። ጊዜ ሲጨመርላቸው በፍርዳቸው ይበልጥ እርግጠኛ ሆኑ እንጂ ፍርዱ ያን ያህል አልተለወጠም። ከዚያ 60 ዓመት ቀደም ብሎ ሰለሞን አሽ የተባለው የሥነ ልቡና ምሁር ስለ አንድ ሰው የሚናገሩ ተመሳሳይ ቃላትን በሁለት ቅደም ተከተል አቅርቦ ነበር። በ«ብልህ» ጀምሮ በ«ምቀኛ» የሚያበቃውን ዝርዝር የሰሙት ሰውየውን ወደዱት። ያው ዝርዝር ከ«ምቀኛ» ሲጀምርላቸው ፍርዳቸው ከፋ።

ከዚህ የምንረዳው ጠያቂዎች ክፉ መሆናቸውን አይደለም። ደክሟቸዋል፣ ከፊታቸው ብዙ ሰው አለ፣ በመጀመሪያ ያዩት ነገርም የቀረውን የሚያዩበት መነጽር ይሆናል። መልካሙ ነገር፣ እነዚያ ቅጽበቶች ላይ የሚታየው አብዛኛው ነገር በተፈታኙ እጅ መሆኑ ነው።

«አዲስ ጫማ አልፈልግም፤ የተጠረገ ጫማ ግን እፈልጋለሁ።»

ይህን ያሉት በከተማዋ የግል ንግድ ድርጅት ያላቸው አንድ ጎልማሳ ናቸው። ሀብታም መስሎ መታየት እንደማያስፈልግ ሲያስረዱም፣ ተበድሮ የሰፋ ኮት ከሚለብስ ይልቅ የራሱን ሹራብ አጥቦ የሚመጣ ሰው ይሻለኛል ይላሉ። ልብሱ የማይመቸው ሰው ጥያቄውን ትቶ እጅጌውን ሲጎትት ያረፍዳል። ደብረ ብርሃን ላይ ደግሞ ብርዱ ራሱ ፈታኝ ነው። ተወዳዳሪው ጃኬቱን ውጪ አውልቆ፣ ከኪሱ እጁን አውጥቶ፣ ስልኩን ዘግቶ መግባት አለበት።

ከዚያ ሰላምታው ይመጣል። በእኛ አገር ዝቅ ብሎ ሰላምታ መስጠት ነውር ሆኖ አያውቅም። የሚያስቸግረው የማይሰማ ሰላምታ ነው። ለሁሉም ጠያቂዎች በሚሰማ ድምፅ «እንደምን አደራችሁ» ማለት፣ እጅ ለመዘርጋት ታላቁን መጠበቅ፣ ተቀመጥ እስኪሉ መቆም፣ ማስረጃ ሲጠየቁ ፋይሉን ሳያተራምሱ ማውጣት። ከበሩ እስከ ወንበሩ ያለው ርቀት ጥቂት እርምጃ ነው፤ ጠያቂዎቹ ግን ያዩታል።

አንገት ደፍቶ ያደገ ልጅ

በሰሜን ሸዋ ገጠር ያደገ ልጅ በታላላቆቹ ፊት እንዴት መሆን እንዳለበት በሚገባ ተምሯል። ዓይን ለዓይን ትክ ብሎ አያይም። ካልተጠየቀ አይናገርም። ራሱን አያመሰግንም፤ የሠራውንም ሌላ ሰው እስኪያነሣለት ይጠብቃል። በመንደሩ ይህ ሁሉ ጨዋ ያሰኘዋል። አንድ ቀን ግን የማያውቃቸው ሦስት ሰዎች ፊት ተቀምጦ «ከሌሎቹ ይልቅ አንተን ለምን እንቅጠርህ?» ይባላል። ያሳደገው ሥርዓት ዝም በል ይለዋል፤ የተቀመጠበት ወንበር ተናገር ይለዋል።

የአገሩ ተረት ራሱ በሁለቱም ወገን ይቆማል። «ዝምታ ወርቅ ነው» ያለው ሰው «አንገት ደፊ አገር አጥፊ» ብሎም ተርቷል። ለዚህ ጉዳይ ይበልጥ የሚቀርበው ግን «ከአነጋገር ይፈረዳል፣ ከአያያዝ ይቀደዳል» የሚለው ነው።

አንዲት የዩኒቨርሲቲ መምህርት ተማሪዎቻቸውን ለቃለ መጠይቅ ሲያለማምዱ በተደጋጋሚ የሚያርሙት ነገር አለ። «የመመረቂያ ሥራህ ላይ ምን አደረግህ ስለው ሠራን፣ አጠናን፣ አቀረብን ይለኛል። ሁሉም እኛ ነው። ጓደኞቹን ላለመርሳት ብሎ ነው፤ ግን አምስት ሰው አልቀጥርም። እኛ ፕሮጀክቱን ሠራን፣ የእኔ ድርሻ መረጃውን መሰብሰብ ነበር ብትል ትዕቢት አይሆንም፣ እውነት ነው እላቸዋለሁ።»

ሁለተኛው ችግር ማኅተም ነው። አንዲት ተመራቂ የእናቷን የአረቄ ንግድ ሒሳብ ከአሥረኛ ክፍል ጀምሮ ስትይዝ ኖራለች። ማን በዱቤ እንደወሰደ፣ ማን እንደከፈለ፣ ጌሾው ስንት እንደገባ ታውቃለች። ለሒሳብ ሠራተኛነት ስትወዳደር ግን «የሥራ ልምድ የለኝም» አለች፤ ደብዳቤና ማኅተም አልነበረውማ። በማስረጃነት አይያዝላት ይሆናል፣ በአፍ ግን ሊነገር ይችል ነበር። በግ ያረባ፣ የአባቱን ገብስ ገበያ ወስዶ የሸጠ፣ ግቢ ውስጥ ፎቶ ኮፒ ያነሣ፣ የሰንበት ትምህርት ቤት ገንዘብ የያዘ ወጣት ሁሉ የሚናገረው ነገር አለው።

አነጋገሩ ሥርዓት አለው። በዓለም ዙሪያ ለሥራ ፈላጊዎች የሚሰጠው ምክር በአራት ጥያቄ ይጠቃለላል። ምን ገጠመህ? ያንተ ኃላፊነት ምን ነበር? ምን አደረግህ? ምን ተገኘ? «ኃላፊነት የሚሰማኝ ነኝ» የሚለው ቃል ተረስቶ ይቀራል። «ሁለት ደንበኞች ዱቤያቸውን ክደው ነበር፤ ደብተሩን አውጥቼ ቀኑን አሳየኋቸው፣ ከፈሉ» የሚለው ግን ከጠያቂው አእምሮ አይወጣም።

እንግሊዝኛውስ? በባንኮችና በድርጅቶች ጥያቄው ድንገት ወደ እንግሊዝኛ ሲዞር የሚደነግጠው ብዙ ነው። የሰው ኃይል ባለሙያዎች የሚመክሩት ቀላል ነው። አጭር አጭር ዓረፍተ ነገር ይበቃል። ያልገባን ጥያቄ እንዲደገም መጠየቅ ነጥብ አያስቀንስም፤ የሚያስቀንሰው ሳይገባ መመለስ ነው።

አንኮበር ላይ የተደረገ ፈተና

ከደብረ ብርሃን ወደ ምሥራቅ 40 ኪሎ ሜትር ያህል ሲሄዱ መንገዱ ደጋውን አቋርጦ ገደሉ አፍ ላይ ያደርሳል። ጎረቤላ የምትባለው የወረዳው ከተማ ላይ ሆኖ ወደ ታች ለሚያይ የአፋር ቆላ በጭጋግ ውስጥ ተዘርግቷል። ከፊት ለፊት ያለው ሾጣጣ ኮረብታ የሸዋ ነገሥታት ቤተ መንግሥት የነበረበት ነው። ዛሬ ከድንጋይ ግንቡ የተረፈውና ኋላ የተሠራ ሎጅ ይታዩበታል። ወደ አናቱ የሚያደርሰው በእግር የሚወጣ ዳገት ነው።

በዚያ ዘመን ሥራ፣ ሹመትና ርስት የሚፈልግ ሰው ደጅ ይጠና ነበር። ዳገቱን ወጥቶ፣ እልፍኝ አስከልካዩን አልፎ፣ ጌታው ዓይን ውስጥ እስኪገባ ቀናትና ወራት ይቆማል። እጅ መንሻ ያለው ይዞ ይቀርባል፤ የሌለው በአንደበቱና በትዕግሥቱ ይታያል። ያ ሥርዓት ሰውን በቆመበት ያጠና ነበር፤ ግን ችሎታ ያለውንና ወገን ያለውን ለመለየት የሚበጅ አልነበረም።

በ1871 ዓ.ም. ግን ወደ ሸዋው ንጉሥ ምኒልክ የመጣ አንድ ሰው ሌላ ዓይነት ፈተና ገጠመው። አልፍሬድ ኢልግ ይባላል፤ በዙሪክ የተማረ ወጣት የስዊዘርላንድ መሐንዲስ ነበር። ንጉሡ የአውሮፓ ባለሙያ ፈልገው ያስመጡት ነው፤ እሱም ከሁለት የእጅ ባለሙያዎች ጋር ከባሕር ማዶ ረጅሙን መንገድ ተጉዞ ደረሰ። ዲፕሎማው ዙሪክ ላይ የከበረ ቢሆንም አንኮበር ላይ የሚያነበው አልነበረም። እንደሚተረከው ምኒልክ መጀመሪያ ያዘዙት ጫማ እንዲሠራ ነው። መሐንዲሱ ጫማ ሠፊ አለመሆኑን ትቶ ሌሊቱን ሠርቶ አቀረበ። ንጉሡ ተደሰቱና ቀጥለው ጠመንጃ ሥራ አሉት። ኢልግ ከአውሮፓ ቢገዛ እንደሚረክስና እንደሚሻል አስረዳ። ምኒልክ አልተቀበሉም፤ ሠርቶም አሳያቸው።

ንጉሡ ጫማና ጠመንጃ አጥተው አልነበረም። የፈለጉት የሰውየውን እጅ፣ ትዕግሥቱንና የማያውቀው ሥራ ሲገጥመው የሚሆነውን ማየት ነው። ኢልግም ተመዝኖ ተቀጠረ፤ ከሩብ ምዕተ ዓመት በላይም አገለገለ። ለአዲስ አበባው ቤተ መንግሥት የቧንቧ ውሃ ያስገባ፣ በ1886 ዓ.ም. የጅቡቲውን ባቡር ፈቃድ ያገኘ፣ በኋላም የንጉሠ ነገሥቱ የውጭ ጉዳይ አማካሪ የሆነ ይኸው ሰው ነው።

«ዲፕሎማውን የሚያነብ አልነበረም፤ እጁን ያየ ግን ነበር።»

የሚፈትነው ማን ነው?

የአንኮበሩ ፈተና ከዘመናዊው ጥናት ጋር ይገጥማል። ፍራንክ ሽሚት እና ጆን ሃንተር የተባሉ አሜሪካውያን በ1998 እ.ኤ.አ. የ85 ዓመት የቅጥር ጥናቶችን አሰባስበው ሲመረምሩ፣ ዝም ብሎ በወግ የሚካሄድ ቃለ መጠይቅ ደከም ያለ መለኪያ ሆኖ ተገኘ። ሥራውን እየሠሩ ማሳየትና ለሁሉም ተወዳዳሪ አንድ ዓይነት ጥያቄ በአንድ ዓይነት ነጥብ የሚቀርብበት ቃለ መጠይቅ የተሻሉ ናቸው። የልብስ ስፌት ፋብሪካ አዲስ ሠራተኛ ሲመርጥ ከንግግሯ ይልቅ የጣቶቿን ቅልጥፍናና የዓይኗን ጥራት የሚያየው፣ ሾፌር የሚቀጥር ድርጅትም ቁልፍ ሰጥቶ «እስኪ አዙረው» የሚለው በዚሁ ምክንያት ነው። ቢሮ ላይ ሲደርስ ግን ይህ ልማድ ይጠፋል። ፋይል አደራጅ ለመቅጠር «የአምስት ዓመት ራእይህ ምንድን ነው?» ይባላል፤ አንድ የተዘበራረቀ ፋይል ሰጥቶ ማየት ይቻል ነበር።

ለሥራ ፈላጊዎችም የምሥራች የሆነ የአገር ውስጥ ጥናት አለ። ግሩም አበበ ያሉበት የኢኮኖሚ ተመራማሪዎች ቡድን አዲስ አበባ ላይ ወጣት ሥራ ፈላጊዎችን በዕጣ ከፍሎ፣ ለአንዳንዶቹ ሥራ የሚፈልጉበት የትራንስፖርት ገንዘብ ሰጠ። ለሌሎቹ ደግሞ ሲቪ አጻጻፍና ቃለ መጠይቅ ላይ ራስን ማቅረብ የሚያስተምር አጭር ሥልጠና አዘጋጀ፤ ችሎታቸውንም ፈትኖ ከአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሜርስ ጋር የምስክር ወረቀት ሰጣቸው። ከአራት ዓመት በኋላ ሲጠየቁ የትራንስፖርቱ ጥቅም ደብዝዟል፤ ሠልጥነው የምስክር ወረቀት የያዙት ግን ገቢያቸው ከሌሎቹ በልጦ ተገኘ። ችሎታው ቀድሞም ነበራቸው። የጎደላቸው እሱን የሚያሳዩበት መንገድ ነበር። ተምሮ የሚገኝ ነገር ነው ማለት ነው።

«ሰው አለህ?»

በኮሪደሩ ላይ ከ«ምን ጠየቁህ?» ቀጥሎ የሚነሣው ጥያቄ ይህ ነው። ብዙ ወጣቶች ውጤቱ አስቀድሞ ታውቋል፣ ማስታወቂያውም ለይስሙላ የወጣ ነው ብለው ያምናሉ። በመንግሥት መሥሪያ ቤት የፈተና ኮሚቴ ውስጥ የሠሩ አንድ ባለሙያ ይህን ሙሉ በሙሉ አያስተባብሉም። «ስልክ ይደወላል። ሁሉም ቦታ ግን አይደለም። ተወዳዳሪው ደካማ ሲሆን ለደዋዩ ቀላል ነው። የጽሑፍ ውጤቱ ከፍ ብሎ፣ መልሱም ጥርት ብሎ ሲመጣ እሱን ለመጣል የሚፈርም ሰው ይቸገራል።» ይህ ፍትሕን አይተካም፤ ተዘጋጅቶ መምጣት ዋጋ እንደሌለው ለሚያስብ ሰው ግን መልስ ነው።

ሕጉም የሚለው አለው። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 በፆታ፣ በብሔር፣ በሃይማኖት፣ በፖለቲካ አመለካከትና በአካል ጉዳት ምክንያት አድልዎን ይከለክላል። ሴት ተወዳዳሪ ከወንድ እኩል ውጤት ካመጣች ቅድሚያ ይሰጣታል። ሆኖም «አግብተሻል? መቼ ልትወልጂ ነው?» የሚለው ጥያቄ ከየክፍሉ አልጠፋም። የተጠየቀች ሴት ማመናጨቅም መሸማቀቅም አያስፈልጋትም፤ «ሥራውን በተባለው ሰዓት ለመሥራት የሚያግደኝ ነገር የለም» ብላ ወደ ሥራው መመለስ ትችላለች። የአካል ጉዳተኞችን የሥራ ስምሪት መብት የደነገገው አዋጅ ቁጥር 568/2000 ደግሞ ቀጣሪው ለፈተናውም ሆነ ለሥራው ተገቢውን ማመቻቸት እንዲያደርግ ያስገድዳል። ፈተናው ደረጃ ብቻ ባለው ፎቅ ላይ ከሆነ አስቀድሞ ደውሎ ምድር ቤት እንዲደረግ መጠየቅ ልመና አይደለም።

ከወንበሩ መነሣት

«ጥያቄ አለህ?» ሲባል አብዛኛው ተፈታኝ «የለኝም፣ አመሰግናለሁ» ብሎ ይነሣል። ጠያቂዎቹ ግን ይህን ያስተውላሉ። በመጀመሪያዎቹ ወራት ከእኔ የሚጠበቀው ምንድን ነው? ከማን ጋር ነው የምሠራው? ውጤቱ መቼ ይነገራል? እነዚህን መጠየቅ ድፍረት ሳይሆን ሥራውን ማሰብ ነው። ደመወዝ ሲነሣ «የሰጣችሁኝን» ማለት ጨዋነት ቢመስልም፣ ለተመሳሳይ ሥራ በአካባቢው የሚከፈለውን አጣርቶ መጠን መናገር የተሻለ ያስከብራል። የማያውቁትን «አላውቀውም፣ ግን እንዲህ ብዬ አጣራለሁ» ማለት ደግሞ ከሁሉ ይበልጣል፤ የዋሸ ሰው ቢያልፍ እንኳ የሙከራ ጊዜው ያጋልጠዋል። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጁ እስከ 60 የሥራ ቀን የፈቀደው ለዚሁ ነው።

ለሥራ ፈላጊው የሚቀረው ቃል አጭር ነው። ከመግባትህ በፊት በነበረው ሌሊት ከሕይወትህ ሦስት እውነተኛ ሥራ ምረጥ፤ ማኅተም ይኑረው አይኑረው። ምን እንደገጠመህ፣ ምን እንዳደረግህ፣ ምን እንደተገኘ ድምፅህን አውጥተህ ለወንድምህ ወይም ለእህትህ ተናገር። ስለ ድርጅቱ አንድ ነገር እወቅ። ጫማህን አስጠርግ።

ለቀጣሪውም ቃል አለ። አንገቱን ደፍቶ የገባውን ልጅ ባዶ ነው ብላችሁ አትሸኙት፤ ያሳደጋችሁት እናንተ ናችሁ። ለሁሉም አንድ ጥያቄ ጠይቁ፣ ነጥቡን ከመወያየታችሁ በፊት ጻፉ፣ የሚቀጠርበትን ሥራ ጥቂቱን ሰጥታችሁ እዩት። የሸዋው ንጉሥ ይህን የመጨረሻውን ያደረጉት የነጥብ መስጫ ቅጽ ሳይኖራቸው ነው።